ሰብስቤ የሚመጣበት ክፍል

ወለተሥላሴ ባሏን የባሮ ወንዝ ከወሰደባት በኋላ በቤቷ ውስጥ የቀየረችው ነገር አንድ ብቻ ነው። ልብስ የምትተኩስበትን ክፍል መስኮት ዘጋችው።

መስኮቱ ጀልባዎች የሚቆሙበትን የወንዝ ዳር ያሳያል። ሰብስቤ በዚያ ነሐሴ፣ ባሮ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ጭቃ በመሰለበት ሰሞን፣ ከዚያ ነበር የተሳፈረው። የጀልባ ሞተር መካኒክ ነበር። ማታር ከተማ ላይ አንድ የጀልባ ሞተር ቆሟል ተብሎ ተጠራና መፍቻዎቹን ይዞ በጠዋት ወጣ። እሷ ካውያዋን እንደያዘች በመስኮቱ አየችው፤ ዞር ብሎ እጁን አነሳላት። ከኢታንግ አለፍ ብሎ ጀልባዋ ውሃው ከሚያመጣው ግንድ ጋር ተጋጨች። ከሰባቱ ተሳፋሪዎች ስድስቱ ወጡ። ሰብስቤን አሥራ አንድ ቀን ፈለጉት። ኮፍያው እንኳ አልተገኘም።

ቄሱ መጥተው፣ «ልጄ፣ ፍትሐቱ ይደረግለት፤ ነፍሱም ትረፍ» ቢሏት፣ «አባ፣ ያላየሁትን ሞት እንዴት ብዬ ላምን?» አለቻቸው። ተዝካሩም በዚያው ቀረ። ልጇ ናዝሬት ለለቅሶው ከጅማ መጥታ ሁለት ሳምንት ሰነበተችና ወደ ትምህርቷ ተመለሰች። ወለተሥላሴ ብቻዋን ስትቀር መስኮቱን ቆለፈች፤ በላዩ ወፍራም ሸራ በሚስማር መታችበት። የወንዙን መልክ ማየት አስጠላት፤ ድምፁንም መስማት አልፈለገችም። የበሩን የታች ክፍተት ሳይቀር በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቀጠቀችው።

የጋምቤላን ሙቀት ለሚያውቅ ሰው ይህ እብደት ነው። ለእሷ ግን ሙቀት አዲስ ነገር አልነበረም። በሰባ ሰባቱ ድርቅ፣ የስድስት ዓመት ልጅ ሆና፣ ከነቤተሰቧ ከወሎ ተጭና አቦቦ ሰፈራ የወረደች ናት። የመጀመሪያው ክረምት ሳይወጣ ሁለት ወንድሞቿን ወባ ጨረሳቸው። አባቷ በቆሎና ማሽላ እየዘራ አሳደጋት። አሥራ ስምንት ሲሞላት ወደ ከተማ መጣችና በአንድ የእንግዳ ማረፊያ አንሶላ እያጠበች መተኮስ ለመደች። ሰብስቤን ያገኘችውም እዚያው ነው። ግሪስ የጠጣ ቱታ ይዞ መጥቶ፣ «ይሄን ካስለቀቅሽው አገባሻለሁ» አላት። ግሪሱ አልለቀቀም፤ እሱ ግን አገባት።

ሃያ ዓመት በዚያች ክፍል ተኩሳለች። በኤሌክትሪክ ካውያ እምነት የላትም፤ መብራቱ በቀን ሦስቴ ይጠፋል። ሁለት የከሰል ካውያ አላት፤ አንዱ ሲበርድ ሌላውን ታነሳለች። ከሰሉን በረንዳ ላይ አቀጣጥላ፣ ጭሱ አልቆ ፍም ሲሆን ማንደጃውን ወደ ክፍሉ ታስገባና ካውያዎቿን ከዚያ እየሞላች ትውላለች። የአውሮፕላን ማረፊያው ሠራተኞች ሸሚዝ፣ የመምህራን ሱሪ፣ ኩሌ የስደተኞች ጣቢያ የሚሠሩ ነርሶች ጋውን ሁሉ ወደ እሷ ይመጣል። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ከእጇ ቃጠሎ በቀር አንድም ነገር ሆና አታውቅም።

ሰብስቤ መጀመሪያ የመጣው በመስከረም አጋማሽ፣ ከሰዓት በኋላ ነው።

የአንድ ሸሚዝ ኮሌታ ስትተኩስ በሩ ላይ ጫማ ሲጠረግ ሰማች። ቀጥሎ ሳል መጣ፤ አንዴ አጠር ብሎ፣ አንዴ ረዘም ብሎ፣ ልክ እንደሱ። ዞረች። ማንም የለም። «በስመ አብ» ብላ አማተበችና ካውያውን ይዛ ቀጥ ብላ ቆመች። ያኔ ከጀርባዋ፣ ከጆሮዋ በጣም ቀርቦ፣ «ወለቴ» አላት።

ጩኸት አላሰማችም። ካውያውን አስቀምጣ ወደ ግቢው ወጣች። ነፋሱ ፊቷን ሲነካው ሁሉም ነገር ጸጥ አለ።

በማግስቱ ፈርታ ጠበቀችው። በሦስተኛው ቀን ግን ጓጉታ ነበር የጠበቀችው። ሰዓቱንም ለየችው፤ ጠዋት ጠዋት አይመጣም። ከምሳ በኋላ፣ ማንደጃው ላይ ሁለተኛውን ከሰል ጨምራ ትንሽ ስትቆይ፣ ጫማው ይጠረጋል፣ ይሳላል፣ ይጠራታል። አንዳንድ ቀን የቤንዚን ሽታ ይዞ ይገባል። አንዳንድ ቀን ከማዕዘኑ ጨለማ ውስጥ የትከሻው ቅርጽ ብቻ ይታያታል። በርጩማ አስቀመጠችለት። እየተኮሰች የሰፈሩን ወሬ፣ የናዝሬትን ውጤት፣ የጣሪያውን ማፍሰስ ታወራዋለች። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ሰው ቢሰማ በጸሎትም ሆነ በሐኪም ነጥቆ የሚወስድባት መሰላት።

ከእሱ ጋር ሕመሙም መጣ። አናቷ ላይ ሚስማር የተመታባት ይመስል ራሷን ይወጋታል። ጆሮዋ ይጮሃል፤ ጉልበቷ ይዝላል፤ የበላችው አይረጋላትም። የጀመረችውን ትረሳለች። በሃያ ዓመት አንድ ልብስ አቃጥላ የማታውቅ ሴት በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ኮሌታ አቃጠለች። ሦስት ጊዜ የወባ ምርመራ አደረገች፤ ሦስቱንም ጊዜ «የለብሽም» አሏት። ሌላም ሌላም መድኃኒት ዋጠች፤ አንዱም አልረዳትም።

አጥር የሚለያቸው ጎረቤቷ ኛዱዎፕ፣ ገበያ ላይ የደረቀ ዓሣ የምትሸጥ የኑዌር ሴት፣ አንድ ቀን ከሥር እስከ ላይ አየቻት።

«ወለቴ፣ አንቺ አይደለሽም የታመምሽው» አለቻት። «ቤት ነው የታመመው። ስትወጪ ደህና ነሽ። ስትገቢ ትሞቻለሽ።»

«ወባ ነው፤ ያልፋል» አለች ወለተሥላሴ። ነገሩ ግን ከሆዷ አልወጣም።

ታኅሣሥ ላይ አክስቷ ይዛት ወደ ጎሬ በኩል ወዳለ ጸበል ሄደች። በሦስተኛው ቀን ራሷ ቀለላት። በአምስተኛው ቀን በላች፤ በሰባተኛው ሳቀች። አክስቷ እልል አለች። ወለተሥላሴ ግን ከሰዓት በኋላ በሆነ ቁጥር ጆሮዋን ትጥላለች። ጫማ አይጠረግም፤ ሳልም የለም። ራቅ ወዳለ ዛፍ ሥር ሄዳ ስሙን ጠራች። ዝም። ያኔ ከበሽታዋ ይልቅ ዳግመኛ እሱን ማጣቷ አስፈራት፤ አሥራ አራት ቀን ልትቆይ አስባ በአሥረኛው ቀን መኪና ተሳፈረች።

ቤቷ በገባች በማግስቱ በሩን ዘግታ ማንደጃዋን አስገባች። ከሰዓት በኋላ መጣ።

«አልሄድክም» አለችው እያለቀሰች። «ቤትህን ትተህ የትም አትሄድም።»

ከዚያ ወዲህ ሐኪም ቤት መሄድ አቆመች። ሕመሙ እሱ የሚገባበት በር መሰላትና ተቀበለችው። ከሲታ ሆነች፤ ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ ተንጠለጠለ። ጋውን የሚያስተኩሱ ነርሶች ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ፣ «ኧረ ታከሚ» ሲሏት፣ «እሺ» እያለች ትሸኛቸዋለች።

ሐምሌ ላይ ናዝሬት ለእረፍት መጣች። እናቷን ስታይ ቦርሳዋን መሬት ላይ ለቀቀችው።

«እማዬ! ምን ሆነሽ ነው?»

«ሙቀቱ ነው። ደግሞ ሥራ በዛ።»

ልጅቷ ቀሚሷን ሰብስባ ልታግዛት ገባች። ገና እንደገባች፣ «እዚህ እንዴት ትተነፍሻለሽ? መስኮቱን ልክፈተው» ብላ እጇን ወደ ሸራው ዘረጋች።

«እንዳትነኪው!»

ናዝሬት እናቷ እንዲህ ስትጮህ ሰምታ አታውቅም። እጇን ሰበሰበች። የወንዙ ነገር መሆኑ ገባት፤ ዳግመኛም አላነሳችውም።

በሦስተኛው ቀን ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበ እናትና ልጅ አብረው ይሠሩ ነበር። ናዝሬት አንሶላ እያጠፈች ሳለ ድንገት ቆመች። ፊቷ ተለዋወጠ።

«እማዬ» አለች በሹክሹክታ። «ሰማሽ?»

«ምኑን?»

«አባዬን። አሁን እዚህ ነበር። ሰማሁት።»

ወለተሥላሴ ካውያውን አቁማ ልጇን አቀፈቻት። አሥር ወር ሙሉ፣ ይህን የምሰማው እኔ ብቻ ከሆንኩ አብጃለሁ ማለት ነው ስትል ኖራለች። አሁን ሁለት ሆኑ። «አውቄው ነበር፤ ይመጣል፤ በየቀኑ ይመጣል» እያለች የልጇን ፀጉር በእንባ አራሰችው። ምሽት ላይ ሁለቱም አስመለሳቸው። ሁለቱም ወባ ነው አሉ።

ቅዳሜ ዕለት ከጠዋት ጀምሮ ዘነበ። ከሰሉ ስለራሰ ቶሎ አልቀጣጠል አለ። ወለተሥላሴ እሳቱ እንዳይጠፋባት ሁለት ማንደጃ አስገባች። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ናዝሬትን እንድትተኩስ ትታ፣ በኛዱዎፕ ቤት ጣሪያ ሥር የተሰጣውን አንሶላ ልታመጣ ወጣች። ኛዱዎፕ ለወሬ ያዘቻት። ራሷን እየወጋት ስለነበር ነፋሱ ደስ አላትና ትንሽ ቆየች።

ስትመለስ በበረንዳው ላይ ጃል ቆሞ አገኘችው። ጃል ኩሌ የሚሠራ ነርስ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ጋውን ይወስዳል። ረጅም፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ወጣት ነው።

«አንኳኳሁ» አላት። «ማንም የለም። ግን የሚቃጠል ነገር ይሸታል።»

በሩን ገፋች። ብርድ ልብሱ ይዞት እምቢ አለ። ጃል በትከሻው መታው። ናዝሬት ጠረጴዛው ሥር በጎኗ ተኝታለች፤ ካውያው ጋውን ላይ ተደፍቶ ጨርቁን በስቶታል። ጃል ትንፋሹን ይዞ ገባ፤ ልጅቷን በብብቷ ይዞ እየጎተተ በረንዳውን አልፎ ዝናብ ላይ አወጣት።

«አትግቢ!» ብሎ ጮኸባት ወለተሥላሴን። «በሩን ተይው፣ ክፍት ይሁን!»

ናዝሬት አይኗ ተገልብጦ ነበር። ወለተሥላሴ ጭቃው ላይ ተንበርክካ ስሟን እየጠራች ጉንጯን ትመታለች። ኛዱዎፕ እየሮጠች ሄዳ ባጃጅ ይዛ መጣች። ባጃጁ ውስጥ ጃል ልጅቷን ደግፎ ፊቷን ወደ ነፋሱ አዞረው። የባሮ ድልድይ ላይ ሲደርሱ ናዝሬት በረጅሙ ተነፈሰች፤ ከዚያ የጃል ጫማ ላይ አስመለሳት። ጤና ጣቢያ ኦክስጅን አደረጉላት። ሲመሽ፣ «እማዬ፣ ራሴን» አለች፤ ወለተሥላሴም እግዚአብሔርን ጮክ ብላ አመሰገነች።

ኮሪደሩ ላይ ጃል አጠገቧ ተቀመጠ።

«እናቴ፣ ይሄ ወባ አይደለም። ከሰሉ ነው።»

«ከሰል የሚገድለውማ ደጋ ነው» አለች። «ለብርድ ብለው ይዘውት ሲተኙ። እኔ ደግሞ ጭሱ ሳይጠፋ አላስገባውም።»

«ጭስ ቢሆን ጥሩ ነበር። ጭስ ያስላል፣ ትወጫለሽ፣ ትድኛለሽ። ይሄኛው አይታይም፣ አይሸትም። መስኮት ክፍት ሲሆን ይሄዳል። መስኮት ሲዘጋ ቤት ውስጥ ይቀራል። ደም ውስጥ ይገባል፣ የአየርን ቦታ ይይዛል። ጭንቅላት አየር ያጣል። ያን ጊዜ ጭንቅላት የሌለ ነገር ያያል። ይሰማል።»

ወለተሥላሴ ወደ እሱ ዞረች።

«ምን ይሰማል?» አለችው።

ጃል አያት። ያኔ በአሥር ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉንም ተናገረች፤ ጫማውን፣ ሳሉን፣ በርጩማውን፣ ጸበሉን። እሱ እስክትጨርስ አላቋረጣትም።

«ኩሌ ውስጥ አንዲት ሴት ነበረች» አላት በመጨረሻ። «ዝናብ ሲመታ ማንደጃ አስገብታ ድንኳኑን ዘጋች። እኛ አዳንናት። ስትነቃ ተቆጣችን። ‹እናቴ መጥታ ቀኑን ሙሉ ፀጉሬን ስትሠራልኝ ነበር፣ ለምን አስነሳችሁኝ?› አለች።»

«እናቷስ?»

«ከሞተች አራት ዓመት።»

ወለተሥላሴ ተነስታ ልጇ ወደተኛችበት ክፍል ገባች።

በማግስቱ ናዝሬት ኛዱዎፕ ቤት ተኝታ ስታገግም፣ ጃል ሸራውን ሊነቅልላት መጣ። «እኔው እነቅለዋለሁ» ብላ መለሰችው። ውሸቷን አልነበረም። ግን ሳትሰናበተው መስኮቱን መክፈት አልሆነላትም።

ማንደጃውን አስገባች፤ በሩን ዘጋች፤ መዶሻውን አጠገቧ አስቀምጣ ከበርጩማው ፊት ለፊት ተቀመጠች። ምን እንደምትተነፍስ ዛሬ ታውቃለች። ቢሆንም ልቧ ይመታል፤ እንደ ሙሽራ። ብዙ ቆየች። ራሷን መውጋት ሲጀምራት ጫማው ተጠረገ። ሳለ። «ወለቴ» አላት።

«ሰብስቤ» አለችው። «የት ነው የተኛኸው?»

ሳለ።

«ስትሰምጥ ጠራኸኝ ወይ? ማን ይሰማህ ነበር?»

«ወለቴ» አላት።

«ለልጅህ ምን ልበላት? አንድ ቃል ስጠኝ።»

ጫማው ተጠረገ። ሳለ። ደግሞ «ወለቴ»። ያኔ ነው አንድ ነገር የገባት። በእነዚያ ወራት ሁሉ የማታውቀውን አንዲት ነገር ነግሯት አያውቅም። የምታውቀውን ብቻ ነው የሚመልስላት። ያቺ የመጨረሻዋ ሰዓት፣ ውሃው፣ ፍርሃቱ፣ እሱ ብቻ የሚያውቀው ነገር ሁሉ እዚህ ክፍል ውስጥ የለም። ባሮ ውስጥ ነው።

ልትነሳ ስትል ጉልበቷ እምቢ አላት። ማዕዘኑ ውስጥ ያ ትከሻ ቆሟል፤ ከወትሮው ይልቅ ቀርቧል። መቀመጥ፣ ዝም ብሎ መቀመጥ እንዴት ቀላል ነበር! ናዝሬት ነቅታ «እማዬስ?» ስትል ታያት። በእጇ እየዳሰሰች መዶሻውን አገኘችና የሸራውን ጫፍ በመንቀያው ያዘችው። አንድ ሚስማር ተነቀለ፤ ሁለተኛው ጨርቁን ይዞ ቀደደው። መቀርቀሪያውን በሁለት እጇ መታችው። ብርሃን ገባ፤ ነፋስ ገባ፤ የወንዙም ድምፅ ገባ። ወገቧን መስኮቱ ላይ ጥላ እያስመለሳት ቆየች። ሰብስቤ ሲመጣ ሁልጊዜ ይሰማት ነበር፤ ሲሄድ ግን ምንም ድምፅ አልነበረውም።

ከዚያ ወዲህ በረንዳ ላይ ነው የምትተኩሰው። በአንድ ወር ውስጥ ሥጋዋ ተመለሰ፤ እንጀራ ጣማት፤ ኮሌታ ማቃጠሏም ቀረ። ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓት ግን ለብዙ ጊዜ ከበዳት። ጆሮዋ በራሱ ይጠብቃል። አንድ ሰው በሩ ላይ ጫማውን ቢጠርግ ደሟ ይደርቃል። ነሐሴ ሲገባ ወደ ቄሱ ራሷ ሄደች። ፍትሐቱ ተደረገ፤ ተዝካሩም ወጣ። የወንዝ ዳር ጀልበኞች፣ አኙዋኩም ኑዌሩም፣ ዝናብ ሳይበግራቸው መጥተው ድንኳኑ ሥር ተቀመጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ «ባሌ ሞተ» ብላ አለቀሰች።

ሰፈሩ ውስጥ አሁን በሌላ ነገር ትታወቃለች። ዝናብ ሲዘንብ በየቤቱ ትዞራለች፤ ማንደጃ ገብቶ በር ተዘግቶ ካየች ሳታንኳኳ ትከፍተዋለች። የሚስቁባት አሉ፤ የሚቆጧትም አሉ። ኛዱዎፕ ግን፣ «ተዋት፣ ታውቃለች» ትላቸዋለች።

ናዝሬት ወደ ጅማ ልትመለስ አንድ ቀን ሲቀራት እናትና ልጅ በረንዳው ላይ ነበሩ። ወለተሥላሴ ትተኩሳለች፤ ናዝሬት ቦርሳዋን ታዘጋጃለች።

«እማዬ፣ ያን ቀን አንሶላ ሳጥፍ ፉጨቱን ስሰማ፣ እውነት የመጣ ነው የመሰለኝ» አለች ናዝሬት።

«የምን ፉጨት?»

«የአባዬ ነዋ። አንቺስ ምን ነበር የምትሰሚው?»

«ሳሉን። ስሜን ሲጠራ። አባትሽ መቼ ያፏጫል?»

ናዝሬት ቀና አለች። «ጀልባ ላይ ይዞኝ ሲሄድ ሁልጊዜ ያፏጫል እኮ! ሞተሩ ሲነሳ ይጀምራል፣ እስክንደርስ አያቆምም። ቤት ስንገባ ግን ዝም ይላል። ‹እናትሽ ቤት ውስጥ ማፏጨት ሰይጣን ይጠራል ትላለች› ይለኝ ነበር።»

ወለተሥላሴ ይህን የተናገረችው በተጋቡ በመጀመሪያው ሳምንት፣ አንድ ቀን፣ እንደዋዛ ነው። ረስታዋለች። እሱ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ደጃፉ ላይ ሲደርስ ፉጨቱን ዋጥ እያደረገ ሲገባ ኖሯል።

«ምን ዓይነት ነው?» አለች ወለተሥላሴ። «ታውቂዋለሽ?»

«እንደሱ አልችልበትም።»

«እንደምትችዪው።»

ናዝሬት ከንፈሯን አሹላ ሞከረች። መጀመሪያ ነፋስ ብቻ ወጣ። ቀጥሎ አንድ ቀጭን ዜማ፣ ወደ ላይ ከፍ ብሎ፣ መሐል ላይ ተሰብሮ፣ እንደገና የሚነሳ። ወለተሥላሴ ካውያውን ከሸሚዙ ላይ አንስታ አቆመችው። አንድ ቀንም ሰምታው የማታውቀውን የባሏን ፉጨት እስኪያልቅ ቆማ አዳመጠች።

«ድገሚልኝ» አለቻት።